ታስራ ትቅረብ

አሳዶ የያዘኝ የለም። በገዛ እግሬ ሄጄ ነው የተያዝኩት።

ነገሩ የጀመረው ቀራንዮ ያለው ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል ነው። ስብሰባ ተጠርተን አስተያየት ስጡ ተባልን። እኔም ተነስቼ «ልጆቻችንን ይዘን የት ግቡ ነው የምትሉን?» አልኩ። አስተያየት የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። «ሕዝብ በማነሳሳት» ተባልኩና ከአምስት ቀን እስር በኋላ በሰው ዋስ ወጣሁ። ዋሴ የጸሎት ቡድናችን እናት ናቸው፤ ስኳር ያለባቸው አሮጊት። «ትቀርባለች» ብለው ፈረሙልኝ። ከዚያ ቤቱ ፈረሰ፣ ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር ተከራይተን ገባን። ቀጠሮው በመጥሪያ ይነገርሻል ተብዬ ስለነበር መጥሪያ ስጠብቅ ወራት አለፉ።

አንድ አርብ ጠዋት የድሮ ጎረቤቴ ደወለች። «ስምሽ ችሎት ላይ ተጠርቶ የለችም ተባለ አሉ፤ ሰምተሻል?»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እኛ ሰፈር ደግሞ ጭንቅ ሲመጣ የሚሮጠው ወደ ጣቢያ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲጠሩ ብቻ የሚኬድበት ቦታ ነው ብለን ነው ያደግነው። ታክሲ ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ላይ ለተቀመጠው ፖሊስ ስሜን ነግሬ «የኔ ወንድም፣ በስሜ የወጣ ነገር ካለ እስኪ እይልኝ» አልኩት።

ጣቱን በገጹ ላይ ቁልቁል አወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አለ። ታስራ ትቅረብ ይላል። ቦርሳሽን፣ ስልክሽን፣ የጫማሽን ክር አምጪ።»

«ነጠላ ጫማ ነው ያደረግሁት» አልኩት። ሰው ሲደነግጥ የሚያወራው ይገርማል።

የሴቶቹ ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነበር። የብረት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ በረኪና እና እርጥብ ፍራሽ። ቀጥሎ ዓይኖች አየሁ፣ የስምንት ሴቶች ዓይን። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ሰው የተደገፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ለቅቋል። የት እንደምቆም አላወቅሁም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ እዚያው ተቀመጥኩ።

«ካቦዋ እኔ ነኝ» አለች በሩ ሥር የተቀመጠች ደልደል ያለች ሴት። የክፍሉ አለቃ ነኝ ማለቷ ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ መንገድ ዳር ልብስ ስትሸጥ ከደንብ አስከባሪ ጋር ተጣልታ ነው የገባችው። «ምን አድርገሽ ነው አንቺ?»

ነገርኳት።

«ራስሽ መጥተሽ? ፖሊስ ጠየቅሽ?» ሳቋ መጣ። «በጉ ሉካንዳ ቤት ሄዶ ‹ስሜ አለ ወይ› አለ በይኛ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። ካቦዋ ጠጋ አለችና ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ስሚ። ይሄ የሚጠየቀው ፍርድ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ። መዝገብ ቁጥርሽን ትነግሪያቸዋለሽ፤ ትዕዛዙ መቼ እንደወጣ፣ ለምን እንደወጣ ፋይሉ ላይ አለ። ከዚያ ሳትያዢ አቤቱታሽን ይዘሽ ዳኛው ፊት ትቆሚያለሽ። በእግሯ የመጣችና ተጎትታ የመጣች እኩል አይደሉም። አሁንማ ገብተሻል። ምሳ የሚያመጣልሽ ሰው አለ?»

«እህቴ አለች። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ወዴት እንደምሄድ ደውዬ ነግሬያታለሁ።»

«ቁጥሩን ንገሪያት፣ ፍርድ ቤት ትሩጥ። ዛሬ ካልቀረብሽ እስከ ሰኞ እኛ ጋ ነሽ። ጴንጤ ነሽ አይደል? እንግዲያው ጸልዪልን። ድምፅሽን ግን ቀንሺ፣ ያቺን ጥግ ያለችውን ራሷን ያማታል።»

እህቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ በበሩ ቀዳዳ ቁጥሩን ነገርኳት። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ሮጠች።

ብዙም ሳይቆይ መርማሪው አስጠራኝ። የተጻፈ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«‹መጥሪያው ደርሶኝ ረስቼ ቀረሁ› ነው የሚለው። ፈርሚ፤ ማታ ቤትሽ ነሽ። ካልፈረምሽ ዋስሽንም እናመጣቸዋለን።»

እኚያ እናት በዚያ ሲሚንቶ ላይ፣ ያለ መድኃኒታቸው! አልዋሻችሁም፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ጫፉ ወረቀቱ ላይ ነጥብ እስኪተው ድረስ። ግን ደርሶኛል ካልኩ «ትቀርባለች» ያሉትን ሴትዮ ውሸታም ማድረጌ ነው። በዚያ ፊርማ እሳቸውን ራሴ አሳልፌ ልሰጥ?

«አልደረሰኝም» አልኩ። እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«የራስሽ ጉዳይ» አለና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱኝ። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ወረቀት ታቅፋ ቆማለች። አቤቱታ አስጽፋለች፤ ፋይሉንም አሳይተዋታል፤ የቤቱን የማፍረሻ ማስታወቂያም ይዛ መጥታለች። «መጥሪያው ቤትሽ በር ላይ ተለጥፏል ተብሎ ነው የተጻፈው» አለችኝ። «ባለፈው ወር!»

ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ያመጣኝ ፖሊስ «በቤት ቁጥሩ፣ በሩ ላይ ለጥፈናል፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ።

«ምን ትያለሽ?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቤቱ ከፈረሰ ስድስት ወሩ ነው። በሩን እኛው ነቅለን ወስደነዋል፤ አሁን ዓለም ባንክ የማድቤታችን በር ነው። ቁጥሩም አለበት። ምንም አልተለጠፈበትም።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን አፈነ። ቤት የፈረሰበት ሰው ያውቀዋል፤ ከቆርቆሮው ቀድሞ የሚተርፈው በር ነው። ዳኛዋ አልሳቀችም። እህቴ ያቀረበችውን የማፍረሻ ማስታወቂያ ቀኑን አየች፣ ፋይሉን አየች፣ ከዚያ ፖሊሱን ረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ቆቡን ያገላብጣል።

«የመያዣ ትዕዛዙ ተነስቷል። ዋስትናው እንደጸና ይቀጥላል። ለጣቢያው ይጻፍ።»

ደብዳቤውን ይዘን ጣቢያ ተመለስን። ተረኛው አንብቦ ቦርሳዬን ገፋልኝ። «ሂጂ።»

ካቦዋ ወደ ችሎት ስወጣ ክንዴን ይዛ፣ ፍርድ ቤት ያነሳው ትዕዛዝ ሁሉ ከጣቢያ መዝገብ አይወጣም፣ ሳይሰረዝ ብትሄጂ ነገ ሌላ ተረኛ መልሶ ያስገባሻል ብላኝ ነበር።

«ስሜን ሰርዝልኝ» አልኩት ተረኛውን።

«ሰኞ ይሰረዛል።»

«ኧረ በኢየሱስ ስም፣ እንሂድ!» እህቴ ቀሚሴን ትጎትታለች። ከኮሪደሩ የብረት በር ሲዘጋ ተሰማኝ። መሮጥ ነበር የምፈልገው። ግን ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«እስኪሰረዝ እዚሁ ነኝ።»

«ሰው ልቀቁኝ ይላል፣ አንቺ አልሄድም ትያለሽ?» አለ ተረኛው።

ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። በመጨረሻ ተረኛው መዝገቡን ጎትቶ አወጣና በስሜ ላይ በማስመሪያ መስመር አሰመረ፤ የደብዳቤውንም ቁጥር ጎኑ ላይ ጻፈ።

«ይኸው፣ እዪ።»

ተነስቼ አየሁ። አመስግኜው ወጣሁ።

ክሱ እስካሁን አልተዘጋም፤ ቀጠሮ ቀጠሮ ይወልዳል። እኔም በየሁለት ሳምንቱ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ እሰለፋለሁ። ቁጥሬን እናገራለሁ፤ ሠራተኛው ገጹን ሲገልጥ ጣቱን በዓይኔ እከተላለሁ።

«ምንም የለም፣ እናቴ» ይለኛል።

«እስኪ ደግመህ እይልኝ» እለዋለሁ። ይስቅና ደግሞ ያይልኛል።