የአርብ ውሃ

የልጅነት ጓደኛዬ ረሂማ ከናይሮቢ በአውቶቡስ የላከችልኝን የባህር ጨው ዛሬ ጠዋት ቀድጄ ባልዲው ውስጥ ስበጠብጠው፣ ያ ዓሣ ዓሣ የሚለው እርጥብ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ከነአርባ ዓመቴ ወደ ልጅነቴ መልሶ እዚሁ ማንያታ ሰፈር፣ ቤታችን አጥር ሥር ጣለኝ። ሳሎኔ ውስጥ ትልቅ የመስታወት የባህር ገንዳ አለኝ፤ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ኮራል የሚባለው ሕይወት ያለው ድንጋይም ይኖርበታል። በየሳምንቱ ከአሮጌው ውሃ ጥቂቱ ተቀድቶ ይወጣና ጨው የተበጠበጠበት አዲስ ውሃ ይተካበታል። ሰው ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሞያሌ ይህን ስሠራ የሚያዩኝ ጎረቤቶቼ አብዳለች ይላሉ፤ ይበሉ።

ገንዳው መጀመሪያ የጎረቤታችን የሐጂ ነበር። በፊታቸው አንቱ እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አንተ ስለው ኖሬያለሁና እዚህም እንደሆዴ ልጻፈው። ሐጂ ሞምባሳ ወደብ የሚመላለስ የጭነት ሎሪ ነበረው። አንድ ጊዜ ሲመለስ መስታወቱን፣ ዓሦቹን፣ ኮራሎቹንና በበርሜል የተሞላ የባህር ውሃ ጭኖ መጣ። ማንያታ ሙሉ ለማየት ተሰለፈ። ከጎዶማ የመጡ አንድ የግመል ነጋዴ ዓሦቹ መቼ እንደሚታረዱ ጠየቁና፣ እንደማይበሉ ሲነገራቸው ለሐጂ ከልባቸው አዘኑለት። እኔና የሐጂ ልጅ ረሂማ ግን አፍንጫችንን መስታወቱ ላይ ለጥፈን፣ ኮራሉ ከሰዓት በኋላ ቀስ እያለ እንደ ሕፃን ጣት ሲከፈት እያየን፣ ቤተሰቦቻችን ተጣርተው እስኪሰለቻቸው እንቀመጥ ነበር።

በእኛና በእነሱ ግቢ መካከል፣ ሽቦው አጥር ሥር፣ እናቴ የተከለቻት ሎሚ ነበረች። ሞያሌ ውስጥ ለዛፍ ተብሎ ውሃ አይቀዳም። ስለዚህ እናቴ ከሶላት በፊት የምንታጠበው ውዱእ እሎሚዋ ሥር እንዲሆን ወስና፣ በቀን አምስት ጊዜ የቤተሰቡ የእጅና የእግር ውሃ ሁሉ ወደ ሥሯ ይወርድ ነበር። እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲያ ሲከፋኝ ቅጠሏን በጣቴ አሽቼ አሸተዋለሁ፤ የእናቴ እጅ ይሸተኛል።

ሐጂ አርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ሽርጡን ያጠብቅና፣ ቀጭን ጎማ በአፉ ስቦ አሮጌውን ውሃ ወደ ጀሪካን ያወርዳል፤ በምትኩ በየጉዞው ከሚሞላው በርሜል አዲሱን ይጨምራል። አሮጌውን ሁለት ጀሪካን ደግሞ ይሸከምና፣ ስንት ባዶ ሜዳ እያለ፣ አጥሩ ጋ መጥቶ ልክ እሎሚያችን ሥር ይገለብጠዋል። የቅጠሎቿ ጫፍ ተቃጠለ፣ ከዚያ መርገፍ ጀመረች። ሰውዬው መጠውለጓን ሲያይ ጭራሽ ሁለቱን ጀሪካን ሦስት አደረገው፤ ይታያችሁ! አባባ ጋ ሮጬ ሄድኩ። አባባ ከኤል ሶድ የከብት ጨው እያመጡ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ጨዉንም ወደ መሐል ኬንያ የሚያደርሰው የሐጂ ሎሪ ነው። ሎሚዋን አዩ፣ ከአጥሩ ማዶ የቆመውን ሎሪ አዩ። «ዝም በይ፤ ጎረቤት ነው» አሉኝ። ሎሚዋ ደረቀች፤ ግንዷንም አባባ ራሳቸው ቆረጡት።

ዝም በይ ተባልኩ፤ ዝም አልኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ! በሞያሌ ሙቀት የገንዳው ውሃ ከአርብ እስከ አርብ አራት ጣት ያህል ይጎድል ነበር። ሐጂ የጎደለውንም የሚሞላው ያው ከበርሜሉ፣ በባህር ውሃ ነው፤ ባህር በባህር እንጂ በምን ይሞላል ባይ ነበር። እኔ ደግሞ የጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባባ ጨዋማ ውሃ ሳህን ላይ አድርገው፣ ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨዉን ስትተወው ደጋግመው አሳይተውኛል። ስለዚህ የጎደለው መሞላት ያለበት በንጹሕ ውሃ ነው፤ አለዚያ ጨዉ በየሳምንቱ እየበረታ ይሄዳል። አንድ ቀን ረሂማ ዞር ስትል ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ከበርሜሉ ይልቅ ያቃጥላል። ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁና ምንም እንዳላወቀ ሰው ተቀመጥኩ።

ኮራሎቹ ተሸበሸቡ፣ ከዚያም እንደ አጥንት ነጡ፤ ዓሦቹ አንድ በአንድ በጎናቸው ተንሳፈፉ። ረሂማ ጭኔ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ፀጉሯን እየደባበስኩ በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ»፣ አይዞሽ አይዞሽ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን እሰይ፣ ይበለው እላለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይተርፉ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ግን ሁለቱንም አስማምቼ ኖርኩ። አምስት ጊዜ ውዱእ ባደረግሁ ቁጥር ሎሚዋ ትዝ ትለኛለች፤ አምስት ጊዜ ቂሜ ይታደሳል።

ሐጂ ሎሪውን ሸጦ ቤት ሲውል፣ ሽንኩርት ሲቀመጥበት የኖረውን ያን መስታወት ገዛሁት። ባል አግብታ ናይሮቢ የገባችው ረሂማ ይህን ስትሰማ በስልክ አለቀሰች፤ ለልጅነታችን ብዬ መስሏት ጨዉን ትልክልኝ ጀመር። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነበር። ያስገባኋቸው አዲስ ዓሦች ሕይወት ሲዘሩ ሐጂን እጠራዋለሁ፣ በገዛ መስታወቱ አሳየዋለሁ፣ የድሮዎቹን ማን እንደገደላቸው እነግረዋለሁ። ከዚያ አሮጌውን ውሃ በየአርቡ፣ ሦስት ሦስት ጀሪካን፣ አጥሩ ሥር ለተከለው ፓፓያ አጠጣለታለሁ።

ባለፈው አርብ ጠራሁት፤ መጣ። በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ተደግፎ ተቀመጠና መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። እያየኝ ንጹሕ ውሃ በጆግ ቀድቼ የጎደለውን ስሞላ ግራ ገባው። ያን ጊዜ ስጠብቀው የኖርኩትን አወጣሁት።

«ሐጂ፣ ዓሦችዎን የገደሉት በገዛ እጅዎ ነው። የሚጎድለው ውሃው ነው፤ ጨዉማ የትም አይሄድም። ያኔም አውቅ ነበር።»

መዳፉን ከመስታወቱ አነሣ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ ልጄ?»

«የእናቴን ሎሚ ስላደረቁብኝ።»

ከዘራውን ከእግሩ መሐል አቆመና አየኝ። «እኔ'ኮ እያጠጣኋት ነበር» አለ። «እናንተ የእጃችሁን ጠብታ ስታጠራቅሙላት አያለሁ፤ እኔ ያን ሁሉ ውሃ በዚህ አገር ሜዳ ላይ ልድፋው? ሞምባሳ ኮኮናቱ እግሩን ባህር ነክሮ ነው የሚያድገው። እናት የሌላት ልጅ ናት፣ ዛፏ አትጠማ አልኩ። ስትጠወልግ አልበቃትም ብዬ ሦስተኛ ጨመርኩላት።»

ወላሂ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ይልቅ በጣም ተናደድኩ፤ በእሱም፣ ሎሪ እንዳይቀርባቸው ብለው ዝም ባሉት አባባም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን አቅፌው የኖርኩትን ቂም በአንድ አፍታ ስለወሰደብኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «ያኔ ማወቅሽን ረሂማ ግን እንዳትሰማ፤ ከአንቺ ሌላ ጓደኛ የላትም» አለኝ።

ዛሬ አርብ ነው። አሮጌው ውሃ ሦስት ጀሪካን ሞልቶ፣ እንዳልደፋሁት በር ላይ ቆሟል። ፓፓያው በአጥሩ ላይ ዘንበል ብሎ ይታየኛል፤ ሎሚዋ የነበረችበት መሬት ዛሬም ሣር አያበቅልም። ረሂማ እንደ ሁልጊዜው የጨዉ ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ «ለዓሦቻችን» ብላ ጽፋበታለች። ጨዉ በደረሰኝ ቁጥር ወዲያው እደውልላት ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ በእጄ ነው፤ አልደወልኩም።