ጸበል የተረጨው ማሳችን

ወንድሜ ያን ጥቁር የጌም ማሽን ታቅፎ ቤቴ የገባ ዕለት እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ቡሬ በሚማርበት ሰፈር አንድ ጌም ቤት ሲዘጋ ዕቃውን በርካሽ ሲያወጣ ደርሶ፣ ጆይስቲኩን እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። መጽሐፍ ግዛ ስትባል ኪስህ ባዶ ነው፣ መጫወቻ ሲሆን ግን ከየት እንደምታመጣው አይታወቅም አልኩት። ሳቀና ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አባቴ ከሚቀመጡበት መደብ ፊት ለፊት አስቀመጠው።

አባቴ ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ከቡሬ ወጣ ብሎ የነበረው መሬታችን ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ግንባታ ገባበት። ነገሩ በወጉ ነው ያለቀው፤ ክፉ የምናወራበት ሰው የለም። አባቴን የሚያንገበግባቸው መሬቱ መሄዱ አልነበረም፤ ሳያወርሱት መሄዱ ነው። በእኛ ዘንድ አባት ጉልበቱ ሲደክም ሽማግሎች ይጠራል፣ ማሳው መሐል ይቆማል፣ ለየልጁ ድርሻውን በጣቱ ያሳያል። አያቴ እንዲህ አድርገዋል፤ የአያቴም አባት። ተራው አባቴ ዘንድ ሲደርስ የሚቆሙበት ማሳ አልነበረም። ልጆቼን ባዶ እጃቸውን ትቼ ልሄድ ነው ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ወንድሜ የሚጫወተው ጌም ኳስ ወይም ተኩስ አልነበረም። የአፈር፣ የድንጋይና የእንጨት ጡቦችን እየደረደሩ የራስን ዓለም የሚሠሩበት ነው። አንድ ቅዳሜ ጎጆ ሲሠራ አባቴ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው አሉት። አዞረው። ጋጣው ደግሞ ከበሩ በስተግራ ነው አሉ። ሠራው። ያን ቀን ምሳ አቅርቤ ስጠራቸው ሁለቱም አልሰሙኝም።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ከቡሬ በመጣ ቁጥር አባቴ ይነግሩታል፣ እሱ ይሠራል። አባቴ በሜትር አያስቡም። ከቤቱ እስከ ምንጩ ምን ያህል ይርቃል ሲላቸው፣ እናትህ ሙሉ እንስራ አዝላ አንዴ ብቻ አርፋ የምትደርስበት ነው ይሉታል። ማሳውስ ሲላቸው፣ ሁለቱ በሬዎች ማልደው ገብተው ፀሐይ ሳትበረታ የሚጨርሱት ይላሉ። እሱ ያን ሁሉ ወደ ጡብ ይመነዝርና ያሳያቸዋል። ጠበበ ሲሉት ያሰፋል፣ ሰፋ ሲሉት ያፈርሳል። ጌሙ ውስጥ ጤፍ ስለሌለ ስንዴ ዘራበት። አባቴ የእኛ አፈር ስንዴ አይወድም ብለው አኮረፉ። ጤፍ ነው ብለን እንየው ተባብለው እስኪታረቁ ድረስ ቤቱ ውስጥ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር።

አንድ ቀን የቀሚስ ጫፍ እየሰፋሁ ቀና ስል የተወለድኩበት ግቢ ፊቴ ላይ ነበር። ቁልቁለቱ፣ ጌሾው፣ ወደ ወንዙ ስንወርድ መንገዱ የሚታጠፍባት ትልቅ ድንጋይ ሳትቀር። ያችን ድንጋይ እኔ ረስቻት ነበር። ልጅ ሆኜ እላይዋ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እንዳወለቅኩ ያን ጊዜ ታወሰኝ። የሚሰፋው ልብስ ከጭኔ ላይ ወደቀ። ሁሉም ነገር ባለ ማዕዘን ነበር፣ ዛፉም በሬውም እንደ ሳጥን ነበሩ፤ ሆኖም አገሬ ነበር።  ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይ ክፉ አልተናገርኩም።

በዚሁ መሐል አባቴ መርሳት ጀመሩ። በመጀመሪያ መቋሚያቸውን የት እንዳኖሩት ነበር የሚጠፋቸው። ቆየት ብሎ ከሞቱ የቆዩ ሰዎችን ደኅንነት መጠየቅ አመጡ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቱ ጠፍቷቸው የባጃጅ ሹፌር ይዟቸው መጣ። ሐኪም ቤት ብወስዳቸው ሐኪሙ ሕመሙ ይብሳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም ብሎ ነገረኝ። ማሳቸው ፊት ሲቀመጡ ግን አንድም አይሳሳቱም ነበር። እያንዳንዱን ማሳ በስሙ እየጠሩ፣ የቱ ውኃ እንደሚተኛበት፣ የቱ ቶሎ እንደሚደርስ፣ በየትኛው ድንበር ከማን ጋር እንደተካሰሱ ይተርካሉ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት፣ አእምሯቸው ጥርት ባለበት ሰዓት፣ ጠሩኝ።

«ለመስቀል ሽማግሎች ጥሪልኝ ልጀ። ሳልረሳ መሬቴን ላካፍላችሁ።»

የትኛውን መሬት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን እሺ አባየ አልኩ። ለወንድሜ ስልክ ደውዬ ስነግረው ሳልጨርስ የቀረኝን አጥር ልጨርስ አለኝ።

ጳጉሜ ሲገባ የንስሐ አባታችን እንደ ሁልጊዜው ቤቱን ጸበል ሊረጩልን መጡ። ወንድሜም ነበር፤ ማሳው ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘርግቷል። ጓዳውን፣ ደጁን፣ ስፌት መኪናዬን ሳይቀር ረጩ። አባቴ ያን ጊዜ መሬቴም ይረጭልኝ አሉ። ይህ ከሳቸው አፍ ሲወጣ እንግዳ ነገር አልነበረም። በረዶና ተምች እንዳይነካው ማሳ ማስረጨት የኖሩበት ነው። ቄሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። አባቴ እዚያ አይደለም አሉ። ወንድሜ ቀደም ሲል በየዋህነት፣ መሬቱ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየን ብቻ ነው ብሎ አስረድቷቸው ነበር። የተማሩትን አልረሱም። ጥቁሩን ማሽን በጣታቸው አሳዩ። ቄሱም እያዜሙ፣ በለጋስ እጃቸው፣ አየር በሚያስገባው ክፍተት ላይ አርከፈከፉት።

ቸስ አለ። ቀጭን የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ማሳው ከነጤፉ ጠፋ።

ወንድሜ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቄሱ ምን አጠፋሁ እያሉ ይዞራሉ፤ ላቡ ፊታቸውን አጥቦታል። እኔ እሳት ጎረስኩ። በማን ላይ እንደምተፋው ግን አላወቅኩም። አባቴ ብቻ ናቸው የተረጋጉት። ዘነበበት፣ ይደርቃል አሉ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ሲነሱ ደረቀ ወይ ብለው ይጠይቁኝ ገቡ። ማሳው ሳይታይ በቀረ ቁጥር ደግሞ ከሳቸው የሆነ ነገር አብሮ ሲጠፋ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን ስለ ግቢው ሲያወሩ ጋጣውን ከበሩ በስተቀኝ አደረጉት። ወንድሜ እንደገና ይንገሩኝና ልሥራው ቢላቸው፣ ከየት ልጀምርልህ ብለው እጃቸውን አዩ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። መሬታችን በሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ አንዱ ማሽኑ፣ አንዱ አባቴ።

ማሽኑን በፎጣ ጠቅልለን በሚኒባስ ቡሬ ወሰድነው። ወደ ነቀምት መገንጠያው ላይ ሱቅ ያለው ጠጋኝ የገበያ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ምላስ አለው። ማሽኑን ሳይከፍት በፊት ባሕር ዳር ድረስ እንደሱ ያለ እንደሌለ ነገረን። ሲከፍተው ግን ጎንበስ ብሎ ተጠጋው። ቦርዱ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ነገር ወጥቶበታል። ምን ፈሰሰበት አለ። ውኃ አልኩ። ምን ውኃ አለ። ወንድሜ አየኝ። ጸበል ነው አልኩና ለሚመጣው ሳቅ መልሱን አዘጋጀሁ።

አልሳቀም። አልኮል የነከረበትን ጥጥ በቦርዱ ላይ ቀስ እያለ እያሳለፈ ብዙ ቆየ። የቆሸሸውን ጥጥ ቅርጫት ውስጥ ሊጥል ሲል እጁን ገታና ንጹሕ ወረቀት አንጥፎ እዚያ ላይ ያጠራቅመው ጀመር። ሲጨርስ ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝ።

«ይሄን እኔ ቆሻሻ ላይ አልጥለውም፣ እህቴ። እናንተ የምታኖሩበት ካለ ውሰጅው።»

 ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በኋላ ለቄሱ ሰጠኋቸው።

ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ መክተት አይቻልም ወይ ብሎ ወንድሜ ጠየቀ። ጠጋኙ ዲስኩ ደኅና ነው፣ ግን የሚከፈተው በዚሁ ቦርድ ቁልፍ ነው አለን። ቦርዱ ከሞተ መሬቱ ተቆልፎ ይቀራል። የተቃጠለውን የኃይል ክፍል ከሌላ አሮጌ ማሽን አውጥቶ ቀየረው፣ የተበላውን መስመር በካውያ በየደው። ከዚያ ጉራውን ሁሉ ትቶ በግልጽ ነገረን። ቢነሣ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ፍላሽ መገልበጥ አለብን፤ መሐል ላይ መብራት ቢወርድ አበቃ።

ከጎኑ ብረት በያጅ አለ። እሱ ሲበይድ የሰፈሩ መብራት ይርገበገባል። ጠጋኙ ወጥቶ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ብየዳው ቆመ። ፀጉር አስተካካዩም ማሽኑን ነቀለ፤ ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨ ሰው ፎጣ እንደለበሰ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሹፌሮችም ተጠጉ። ማንም አልጠራቸውም። የአንድ ሽማግሌ መሬት ነው አሉ ሲባባሉ ሰማሁ።

ጠጋኙ ቢስሚላሂ ብሎ ማብሪያውን ተጫነው። ወንድሜ አማተበ። ትንሽ መብራት በራች፣ ማራገቢያው እንደ ጉንፋናም ሰው አቃሰተና መዞር ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር መሙላት ያዘች። ያን ሁሉ ወጣት እንዲያ ዝም ብሎ ቆሞ ያየሁት ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው። መስመሯ ሞላች። ጠጋኙ ፍላሹን ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረው፤ ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ አጉረመረመና ጠፋ። ዳግመኛ አልተነሣም።

ፍላሹ የጣቴን ጫፍ አያክልም። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ከዚህ የበለጠ ቦታ ይወስዳል አለኝ ጠጋኙ። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱት፣ እናቴ ውኃ የቀዳችበት፣ እኔ የተወለድኩበት። ጉድ ነው፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እናቶች ብር እንደሚቋጥሩት በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩትና እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ቋጠሮውን ጨብጬ ሄድኩ። ሹፌሩ ምን ይዘሻል ቢለኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም ነበር።

ለመስቀል ሽማግሎቹ መጡ፤ ሁሉም የድሮ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጠጋኙ ያዋሰን ማሽን ላይ ወንድሜ ማሳውን ዘረጋው። ይስቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከመሬቱ ዳርቻ ሲደረስ ድንበርተኛችን የነበሩት ሽማግሌ ወደ ስክሪኑ ተጠጉና ይች ወደኔ ገብታለች አሉ። አባቴ አልገባችም፣ ድንበሩን የሚለየውን ጉድባ አይተህ ተናገር አሉ። ሰው በማያርሰው መሬት እንደ ጥንቱ ተከራከሩ፤ የሽማግሌው የችኮላ ንግግር፣ የአባቴ ግልምጫ፣ ምንም አልጎደለም። ወንድሜ ጉድባውን አቅርቦ አሳያቸው። ሽማግሌው እውነት ነው ብለው ተቀመጡ።

አባቴ ተነሡ። ማሳው መሐል እንደቆመ ሰው ዙሪያቸውን ቃኙ። በመጀመሪያ ወንድሜን በስሙ ጠርተው ጥቁር አፈር ያለበትን ዋልካውንና ከምንጩ በላይ ያለውን ሰጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ስሜን ፈለጉት። ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። ወንድሜ ሊነግራቸው ሲል ክንዱን ያዝኩት። እንባዬን መዋጥ አቃተኝ።

አባቴ ከእኔ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ወንድሜን ወደ ታች ሂድ አሉት። ወረደ። ወደ ግራ አሉ። ዞረ። ትልቅ የዋንዛ ዛፍ ያለበት ማሳ ላይ ሲደርስ ቁም አሉና ጣታቸውን ከስክሪኑ ወደ እኔ አመጡ።

«ይች ዋንዛ ሥር ናት። ለም ናት፣ ከሁሉም እሷ ትሻላለች። ይች የዚች ልጀ ናት። ስሙልኝ።»

ሽማግሎቹ ሰምተናል አሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። መረቁኝ፤ ምርቃቱን አንድ ቃል ሳይረሱ ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ከአባቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም። አንዳንድ ቀን እህታቸው ነኝ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ልብስ ልትሰፋላቸው የመጣች ሴት። ሻይ ይዤላቸው ስቀርብ ግን፣ ማሽኑ ቢበራም ባይበራም፣ ትክ ብለው ያዩኝና የዋንዛ ሥር ባለቤት አይደለሽም እንዴ ይሉኛል። ነኝ እላቸዋለሁ።