የአባዬ ምርቃት በፍራው ክራውዘ ስፒከር

ከሱሉልታ የወጣሁት አመሻሹ ላይ ነው። ላሞቹ ታልበዋል፤ ሻንጣዬ ተመዝኖ በርበሬው ወጥቷል፣ እማዬ ሳናያት መልሳ ከታዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎኑን ሞልቶታል። ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ደግሞ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር በእጁ ይዞ ይንጎራደዳል። ገመቹ ቡራዩ ላይ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ስላለው፣ የሰው ልጅ ችግር ሁሉ በቻርጀር ይፈታል ብሎ ያምናል። ለስንብት ያመጣልኝ ትንሽ ሙዚቃ ማጫወቻ ነው፦ ዘፈን ይይዛል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ በብሉቱዝ ያለ ገመድ ይሠራል።

«ስልክ እኮ አለኝ» አልኩት።

«ስልክሽ ይሞላል፣ ይወድቃል፣ ይሰረቃል። ይቺን ማን ይሰርቃታል? አባዬ ሲመርቁሽ እቀዳልሻለሁ፤ እዚያ ሆነሽ ሲከፋሽ ትከፍቻታለሽ።»

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ አልክድበትም። አባዬን የሱሉልታ ሰው ኦቦ ቱፋ ይላቸዋል፤ ሠርግም ሆነ ረጅም ጉዞ ሲኖር «ይመርቁልን» ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በስልክ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሰበታ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ ስደውልላቸው፣ «ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን። ዘጋሁ» ይሉና በእርግጥም ይዘጋሉ። ስለዚህ ባሕር ማዶ ሆኜ የአባዬን ድምፅ ረዘም አድርጌ የምሰማው በዚያች ማጫወቻ ብቻ እንደሚሆን ሁላችንም ገብቶናል።

አባዬ እርጥብ ሳር ይዘው ተነሱ። ገመቹ ማጫወቻዋን አገጫቸው ሥር ደቀነና ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «እባካችሁ ጸጥ በሉልኝ፤ ሌላ ድምፅ እንዳይገባ፣ ጥርት ብሎ እንዲቀዳ» አለ። ሰዉም ለቴክኖሎጂ ባለው አክብሮት ትንፋሹን ዋጠ።

«እንቅፋት አይምታሽ» አሉ አባዬ። ቆም አሉ።

ጸጥ።

«በሄድሽበት የሰው ፍቅር ይስጥሽ።»

አሁንም ጸጥ። እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል ገመቹ በዓይኑ ገሠጻት።

«ነጋን ዴሚ» አሉ፤ በሰላም ሂጂ ማለታቸው ነው። ጠበቁ። ዙሪያቸውን አዩ። «ሰው የለም እንዴ? ለግድግዳ ነው የምመርቀው?» አሉና ሳሩን ጥለው ወደ በረት ወጡ።

እንግዲህ ደንቡን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ምርቃት የሁለት ወገን ሥራ ነው። ሽማግሌው ይላል፣ ሰዉ አሜን ይላል። አሜን ያልተባለበት ምርቃት ክዳን እንደሌለው የወተት ዕቃ መንገድ ላይ ይደፋል። ይባስ ብሎ «ነጋን ዴሚ» ብቻውን አይሄድም፤ ተከትሎት «ነጋን ገሊ» ይመጣል፣ በሰላም ግቢ። እሱ ሳይባል ቀረ። ወደ ኤርፖርት የሚወስደኝ ሹፌር ክላክሱን ተጭኖ አልለቅ ብሏል። በረት ሄጄ አባዬን ተሰናበትኳቸው፤ ሳሙኝ እንጂ አልተናገሩም። ሂጂ ተብዬ፣ ግቢ ሳልባል እንጦጦን ወረድኩ።

ጀርመን ስደርስ ፓስፖርት የሚያየው ፖሊስ ፊቴን ከፎቶዬ ጋር አስተያየና፣

«ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«አረጋውያን ልንከባከብ።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«እሱ ገና አልተባለም» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና የመመለሻውን ነገር ከቪዛዬ ላይ አነበበው። ለካ እዚያ ላይ ተጽፏል። እኔ ግን የቪዛ ቀን መቼ ጠየቅሁ?

ቤት ያገኘሁት ካሰል በምትባል ከተማ ነው። አከራዬ ፍራው ክራውዘ (ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው) ባሏ የሞተባት፣ ምድር ቤት ለብቻዋ የምትኖር አሮጊት ናት፤ እኔ ከላይዋ ነኝ። በአፌ የጀርመኖቹን አንቱ እላታለሁ፣ በልቤ ግን አንቺ ናት። ገና ቁልፉን ሳትሰጠኝ ሕጉን ሰጠችኝ። ቆሻሻ በየወገኑ ይለያል፤ የሻይ ቅጠሉ ከነከረጢቱ አይጣልም። ከምሳ በኋላ ድምፅ የለም። እሁድ ጭራሽ ድምፅ የለም። ይህን የዝምታ ሰዓት ሩኸሳይት ይሉታል።

«ማስነጠስ ይቻላል?» አልኳት።

«ካልበዛ» አለች፣ ከልቧ።

«ብርዱንስ ትችይዋለሽ?» ብላም ጠየቀችኝ። የሱሉልታን ንፋስ ሳታይ ብርድ ልታስተምረኝ ስትነሳ ሳቄ መጣ። ብርዱስ ብርድ ነው፣ ያውም የታወቀ። እርጎ የሚሉት ነገር ግን ለሕፃን ሳል የሚሰጥ ሽሮፕ እንጂ ሌላ አይደለም፤ የአባዬን እርጎ አንድ ማንኪያ ባቀምሳቸው ፋብሪካውን ይዘጉት ነበር።

ከሥራ ስገባ ጫማዬን አወልቅና ማጫወቻዬን እከፍታለሁ። «እንቅፋት አይምታሽ» ይላሉ፤ ዝም ሲሉ እኔ አሜን እላለሁ። ሁሉም ቦታ ላይ የጎደለውን እሞላለሁ። ከዚያ «ሰው የለም እንዴ?» ሲሉ፣ «አለሁ አባዬ» እላለሁ፤ ከኋላ አንዲት ላም ትጮህና ያበቃል። ደውዬም ለምኛቸዋለሁ፦

«አባዬ፣ የቀረውን ይጨርሱልኝ።»

«በስልክ? ማን አሜን ሊለኝ? ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን። ዘጋሁ።»

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ አዲስ የገዛሁትን ገመድ አልባ ማዳመጫ ከማጫወቻዬ ጋር ላገናኝ ተቀመጥኩ። ገመቹ እንዴት እንደሚደረግ በድምፅ መልእክት ልኮልኛል፤ «ብሉቱዙን ክፈቺ፣ ፈልጊ በያት፣ የሚመጣውን ስም ንኪ።» ስም መጣ፣ ነካሁት፣ ተገናኘ፤ ምርቃቱን እየተደጋገመ እንዲጫወት ከፈትኩት። ጆሮዬ ውስጥ ግን ምንም የለም። ድምፁን ጨመርኩ። አሁንም የለም። እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። ማዳመጫው አታሎኛል ብዬ ሻጩን መርገም ስጀምር በሬ ተደበደበ።

ፍራው ክራውዘ ፊቷ ነጭ ሆኗል፤ ድሮም ነጭ ነው፣ ግን ባሰበት። «ሳሎኔ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ» አለችኝ። «ይናገራል፣ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል፣ ከዚያ ይቆጣኛል። ምን አጠፋሁ?»

ተከትያት ወረድኩ። የልጅ ልጇ ትቶት የሄደ ዱባ የሚያህል ስፒከር መደርደሪያ ላይ ሰማያዊ ያበራል። ሬዲዮ ልትሰማ ከፍታው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚነካ ጠፍቷት ትታዋለች። የእኔ ማጫወቻ ያገኘው እሱን ነው። በእሁድ፣ በሩኸሳይት፣ አባዬ ካሰልን «ለግድግዳ ነው የምመርቀው?» እያሉ ሲያንቀጠቅጡ ደረስኩ። ሻንጣዬን የማስርበት ቀን መጣ አልኩ ለራሴ።

«አባቴ ናቸው» አልኳት። «እየመረቁኝ ነው።»

«ለምን ዝም ዝም ይላል?»

«ሰው አሜን እንዲላቸው እየጠበቁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላላችሁም?»

«ወንድሜ ጥርት ብሎ እንዲቀዳ ጸጥ አሰኝቶን።»

አሰበችና፣ «ወንድምሽ ጀርመናዊ ነው እንዴ?» አለች። ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም፤ እሷም ሳቀች። ዓይኗን ጠርጋ ወንበር ሳበችልኝ። «አሜንማ እኔም አውቃለሁ። ለአባትሽ ደውዪለት፣ ይስማ።»

ደወልኩ። «ደህና ነሽ? እኛ ደህና…»

«አባዬ፣ አይዝጉት፤ ይህን ይስሙ።» ስልኩን ወደ ስፒከሩ ያዝኩትና ምርቃቱን ከመጀመሪያው ለቀቅሁት። «እንቅፋት አይምታሽ» ሲል ሁለታችንም አሜን አልን። «የሰው ፍቅር ይስጥሽ» ሲል አሜን አልን፤ እሷ «አመን» ብላ በአገሯ ቃና ነው የምትለው። «ነጋን ዴሚ» ሲል አሜን አልንና ቁጣው ሳይመጣ ማጫወቻዋን አጠፋሁ።

አባዬ ስልኩን የዘጉት መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ሰማሁ።

«ነጋን ገሊ» አሉ አባዬ። ቆም ብለው ጠበቁ።

አሜን ልል አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ነው የቀደመኝ።

«ሰው የለም እንዴ?» አሉ።

«አመን!» ብላ ጮኸች ፍራው ክራውዘ፣ የራሷን ሩኸሳይት ራሷ ጥሳ።

«እሷ ማን ናት?» አሉኝ አባዬ።

«አከራዬ ናት» አልኩ እንደ ምንም።

«ላም አላት?»

«የላትም፣ አባዬ።»

«ምስኪን። እሷንም መርቄያታለሁ በያት። ዘጋሁ» አሉና ዘጉ።

የእኔ አሜን የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በተዘጋው ስልክ ላይ።