የውሰት ጆሮ

ሰፈርተኛው «ጋሼ ጆሮ» ይላቸዋል። አድማጭ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ ጨዋታ ከተነሣ ቀድመው የሚያወሩት እሳቸው ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው።

ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ያለው ሰው ዕድሜውንና ዋጋውን ለማወቅ አርባ ዓመት ሙሉ የእሳቸውን በር ሲያንኳኳ ኖሯል። ዕድሜው ከዓይን አያመልጥም። አፈሙዙን ፈትተው ይገለብጡትና ከሥሩ የተመቱትን ጥቃቅን ማኅተሞች በአጉሊ መነጽር ያያሉ፤ «ይኼ እኮ አያቴ አፍ ሳይፈታ የተሠራ ነው» ይላሉ። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ጆሮ ነው። አፈሙዙን በአንድ ጣት አንጠልጥለው በጥፍራቸው ቸብ ያደርጉታል። ሁለቱን ቱቦዎች ያጣበቀው ብየዳ ጤነኛ ከሆነ እንደ ደወል ይዘምራል፤ ከለቀቀ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው።

ከስምንት ዓመት ወዲህ ያ ቀጭን ድምፅ ከጆሯቸው ጠፋ። «ዕድሜዬን ጠመንጃ በተኩስ ስሞክር ኖሬ! ጆሮ ድንጋይ አይደል» አሉኝ። ምስጢሩን የሚያውቀው ሰፈርተኛው በሥራ መሣሪያው «ሞረድ» የሚለው ሰው ብቻ ነበር፤ አብሮ አደጋቸው፣ በአንድ ክፍል ጥግ ለጥግ ተቀምጦ ጠመንጃ የሚጠግነው። ምልክት ነበራቸው። ጋሼ ሲመቱ አፈሙዙ ከደወለ ሞረድ ሞረዱን መሳቡን ይቀጥላል፤ ካልደወለ ያቆማል። ደንበኛው ምኑንም አያውቅ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የጥርስ ሐኪም ጠመንጃ ታቅፋ ገባች። የአባቷን ጠመንጃ ዓይነት ስታፈላልግ ኖራ፣ ጋሼ ፈርመው የሚሰጡትን የዋጋ ወረቀት ተማምና የገዛችው ነው።

«ጋሼ፣ ደወለ ያሉት ይኼን ነው?»

«የኔ ልጅ፣ ያልደወለ እዚህ ቤት ወረቀት አይወጣለትም።» ፈቱት፤ አንጠልጥለው መቱት። የሞረድን እጅ ሰረቅ አድርገው አዩ። ይሞርዳል። «ሰማሽ?»

«እኔ የሰማሁት ግድግዳ ሲንኳኳ ነው።»

ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈነች። ጋሼ ዝም ብለው ጠበቋት። እጇን አወረደች።

«አሁን ስምዎን ጠራሁ እኮ። ከገባሁ ጀምሮ የሚያዩት አፌን ነው።»

«በቁሜ ገፈፈችኝ» ይላሉ ሲያወሩት።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ጆሮ ሲደክም አጥንት ይሰማል። ይንከሱት» አለቻቸው።

«ምን?»

«ጫፉን ይንከሱና ይምቱት።»

ነከሱት፤ መቱት። ጸጥ። ከግድግዳው የራሳቸውን ጠመንጃ አወረዱ፤ ፈትተው ነከሱት፤ መቱት። ከጥርሳቸው እስከ መሃል አናታቸው ነዘራቸው። ስምንት ዓመት ያልሰሙት ደወል! እንባቸው መጣ፤ ግን የደስታው ዕድሜ አጭር ነበር። የሐኪሟን አፈሙዝ ወደ መስኮቱ ይዘው አዘነበሉት። በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ያለው ብየዳ አዲስ ነው። በሞረድ ተለስልሶ ጫፉ ላይ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ያንን እጅ እንደ ራሳቸው ፊርማ ያውቁታል።

«የማን ጠመንጃ ነበር?»

ሞረድ እጁን አቆመ። «የኔ። በሰው እጅ ነው የሸጥኩት። አንዴ ነው፣ አንዴ ብቻ።»

«ስንት አንዴ?»

ሞረድ ሞረዱን በጨርቅ ይጠቀልል ጀመር።

«ጆሮዬን አደራ ሰጥቼህ እኮ ነው!»

«እኔ ባልኖር ይኼኔ ቤትህ ተቀምጠህ ዝንብ ታባርር ነበር» አለ ሞረድ። ጋሼን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጣቸው ውሸቱ ሳይሆን ይኼ ቃል ነው፤ እውነትነት አለዋ።

ወረቀቱን ከሐኪሟ ተቀብለው ከፊርማቸው ሥር «ድምፁን እኔ አልሰማሁም። ሰማሁልህ ያለኝ ዋሽቶኛል» ብለው ጻፉ። በማግስቱ በራቸው ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ወረቀት የወሰደ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ይምጣ፣ እንደገና በነፃ ይታያል። መጡ። አንዳንዱ ተሳደበ፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ብረት ሲነክስ አይቶ በሳቅ ፈረሰ። አሁን «ጋሼ ጥርስ» የሚላቸውም አለ። ከመጡት ሠላሳ አንድ ጠመንጃዎች ዘጠኙ ድዳ ወጡ። ዘጠኙም ላይ ያው ወደ ግራ የዘመመ ብየዳ።

ሞረድ ዕቃውን የሰበሰበ ዕለት ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ማኅተም ያዩ ነበር። በሩ ጋ ቆሞ አንድ ነገር እንደተናገረ ያወቁት አጉሊ መነጽራቸው ላይ የወደቀው ጥላው ሳይሄድ ስለቆየ ነው። ዞር ቢሉ ከከንፈሩ ያነቡት ነበር።

«ይቅርታ ብሎዎት ይሆናል እኮ» አልኳቸው።

«ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አልዞሩም?»

አጉሊ መነጽሩን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ብሰማው አምነው ነበራ!» አሉኝ።