እትዬ ኳኳታና የበያጁ ልጅ ግራ ጆሮ

በያጁ የእትዬ ኳኳታን በር በእግሩ ገንጥሎ ሲገባ ልጆቹ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ እየቀዱ ነበር። አንዱ ጠርሙስ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ደግሞ ጉንጭ የምትሞላ ውኃ ብቻ የያዘ፤ በማንኪያ ሲመቱት ሁሉም በየራሱ ድምፅ ይናገራል። ሰውየው ጠረጴዛውን በግራ ክንዱ ሲጠርገው ውኃውም ጠርሙሱም ግድግዳው ላይ ሄዶ ተከሰከሰ። ልጄን ልወስድ መጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ስለነበር የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ። ግን አስቀድሜ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሰውየው ለምን እንዳበደ፣ እሳቸውም ለምን እንዳልሸሹ አይገባችሁም።

እትዬ ኳኳታ እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ ግቢው ያወጣላቸው ነው። የምንኖረው ክፍሎቹ ግድግዳ በሚጋሩበት ረጅም ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ «ይማርህ» ይለዋል። እሳቸው በመጨረሻዋ ክፍል ሆነው፣ እኛ እናቶች ከሥራ እስክንመለስ ልጆቻችንን ይጠብቃሉ። ክፍሏ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፦ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የጫማ ካርቶን፣ የተጣመመ ማንኪያ። ከዚህ ሁሉ የሚጮህ ነገር ይሠራሉ። ካርቶኑ ላይ ቀጭን ጎማ ወጥረው ከሥሩ እርሳስ ሲሸጉጡበት ይዘፍናል። የቆርቆሮውን አፍ በጎማ ሸፍነው ጨው ይነሰንሱበትና ልጆቹን አጠገቡ ጩኹ ይሏቸዋል፤ ጨዉ ይዘላል። «ድምፅ ማለት ይኸው ነው፤ አይታይም እንጂ ይገፋል» ይሏቸዋል።

እንደሚገፋ የተማሩት በገዛ ራሳቸው ላይ ነው። ወጣት ሳሉ ባላቸው ተደባዳቢ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ዘገየ ብሎ በሙሉ መዳፉ ግራ ጆሯቸውን አጮላቸው። መጀመሪያ ፉጨት ገባ፣ ከዚያ ደም መጣ፣ ከዚያ ፉጨቱም ደሙም ሄደና በዚያ በኩል ዓለም ዝም አለ። ሰውየው ሁለተኛ ሲሰነዝር ይተኩሱበት በነበረው ካውያ ክንዱን ጠበሱትና ልብሳቸውን ሸክፈው ወጡ። «በግራ በኩል ያገባሁ ነኝ፣ በቀኝ በኩል ፈትቻለሁ» እያሉ ይስቃሉ።

ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ በኋላ አንድ ቀን የማንኪያ ማንጠልጠያ ክር ተቋጥሮባቸው በጥርሳቸው ሲፈቱ፣ ማንኪያው ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨ። ድምፁ በሞተው ጆሯቸው ውስጥ እንደ ደወል ጮኸ። በአየር አልገባ ያለው በአጥንት ይገባ ኖሯል። ያን ዕለት ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ በማግስቱ ቆርቆሮ መልቀም ጀመሩ። ልጆቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የክፍሏም ሕግ አንድ ነው፦ እትዬን በግራ በኩል መጥተህ አታናግራቸውም።

ከልጆቹ አንዷ የበያጁ ልጅ ናት። ግቢው «ግትሯ» ይላታል፤ ስትጠራ ዞር አትልማ። አባቷ ከውጭ በር ላይ ሆኖ ይጠራታል፤ ዝም። ደግሞ ይጠራታል፤ ዝም። «ጆሮ ዳባ ልበስ ትይኛለሽ?» ይልና መጥቶ ያጮላታል። እናቷ ልትገላግል ትገባለች፣ ድርሻዋን ቀምሳ ትወጣለች። ከእሷ የምንሰማው «ኧረ በልጄ!» የሚለውን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ኳኳታ ለልጆቹ የወሬ ቱቦ ሠሩላቸው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጠው ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ሰኩበት። አንዱ ልጅ ውጭ ሆኖ ያንሾካሹካል፣ ሌላው አልጋ ሥር ተደብቆ ይሰማል፤ የሰማውን ጮክ ብሎ ይናገራል። የግትሯ ተራ ሲደርስ ጫፉን ግራ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ምንም አላለችም። ልጆቹ ሳቁ፤ የእኔው ልጅም ሰምታ ነው፣ እልኸኛ ስለሆነች ነው ብሎ ከሰሳት። እትዬ ኳኳታ ጫፉን ወደ ቀኟ አዛወሩት። ወዲያው «ድመቷ ካልሲ ለብሳለች» አለች። መልሰው ወደ ግራ፤ ዝም። ጠጋ ብለው ጆሮዋን አሸተቱት። ያን የመግል ሽታ ከገዛ ጆሯቸው ያውቁታል።

ነገሩ ተገለጠላቸው። አባቷ የሚመታት ስለማትሰማው ነው፤ የማትሰማው ስለመታት ነው። የባሰውም ገና እየመጣ ነበር። የሰውየው ቀኝ እጅ፣ ያ ሁልጊዜ ግራ ጆሮዋ ላይ የሚያርፈው፣ ሰሞኑን በብየዳ ተቃጥሎ በፋሻ ታስሯል። ስለዚህ በግራው መምታት ጀምሯል። የግራ እጅ ጥፊ ደግሞ የት እንደሚያርፍ እሳቸው አላጡትም። ለልጅቷ የቀራት ያው ቀኝ ጆሮዋ ብቻ ነው።

በማግስቱ የሚያስበይዱት ነገር ያለ አስመስለው ወደ ሥራ ቦታው ሄዱ። ሐሳባቸው ጠጋ ብለው ሹክ ሊሉት ነበር፤ ሰው ፊት ማዋረድ አልፈለጉም። ነገር ግን የብረት መቁረጫው ይጮሃል፣ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ ልክ አያውቅም። ሹክ ያሉት መስሏቸው ይጮሁ ነበር። በያጁ መቁረጫውን ድንገት ሲያጠፋው የእሳቸው ድምፅ ብቻውን መንገዱ ላይ ቀረ።

«ልጅህ ግትር አይደለችም። በጥፊ ጆሮዋን አፍርሰኸዋል፤ ሁለተኛውንም ልታፈርሰው ነው።»

በር ሊያሠራ የመጣው ደንበኛ ዞረ። በመንገዱ ሲያልፍ የነበረ ባለጋሪ ቆመ። ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። በያጁ መነጽሩን አውልቆ አያቸው። ደንበኛው በሩን ሌላ ቦታ እንደሚያሠራ ነግሮት ሄደ። በያጁ መልሱን ይዞ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠርሙሶቹ ልመለስ። ከጠርሙሶቹ ቀጥሎ ቆርቆሮዎቹን እየረገጠ አጣጠፋቸው። የሚዘፍነውን ካርቶን በጉልበቱ ሲሰብረው ጎማው ተበጥሶ ፊቱን ገረፈው፤ ያ ጭራሽ አሳበደው። ልጆቹ እንደ ደወል የሚመቱትን የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ መንጭቆ አወረደው። እትዬ ኳኳታ አጎንብሰው ትንንሾቹን ወደ አልጋው ሥር እየገፉ ነበር። እሱ በየት በኩል እንደመጣባቸው አልሰሙም።

«በግራ! እትዬ፣ በግራ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

ዞር ሲሉ ዘንጉ ቅንድባቸው ላይ አረፈ። ቆዳው ተሰንጥቆ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ በጉልበታቸው ወደቁ። እናቱ በሚሆኑ ሴት ላይ ቆሞ «አንቺ ደንቆሮ፣ በሰው ቤት ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አላቸው። ዘንጉን ወረወረና ልጁን ጠራት።

ልጅቷ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች፤ ለአባቷ የሰጠችው ግራዋን ነው። ቀኝ ጆሮዋን ከሕፃናቱ ጩኸት በእጇ ደፍናዋለች። «ነይ ብያለሁ!» አላት። ንቅንቅ አላለችም። ደጃፉ ላይ የተሰበሰብን ሁሉ ያኔ አየነው፤ የሰውየው ድምፅ እሷ ዘንድ አይደርስም። እሱም አይቶታል፣ ፊቱ ለቅጽበት ተለዋወጠ። እጁ ግን ቀድሞት ነበር። በታሰረው እጁ ትከሻዋን ስቦ አዞራት፣ ግራውን አነሳ።

እትዬ ኳኳታ ከወለሉ ተወርውረው ያን እጅ አንጓው ላይ በጥርሳቸው ያዙት። በጥርሳቸው የሚሰሙ ሴት ናቸውና ጥርሳቸው ቀልድ አያውቅም። ሰውየው እንደ በሬ አገሳ፤ በታሰረው እጁ ጭንቅላታቸውን ይደበድባል፣ እሳቸው ወይ ፍንክች። እኔም የተጣጠፈ ቆርቆሮ አንስቼ ጉልበቱ ላይ አወረድኩበት። ምን ያህል እንደረዳሁ አላውቅም፤ ቆርቆሮው ግን ጥሩ ጮኸ።

ከኋላዬ ገፍቶኝ ሰው አለፈ፤ የልጅቷ እናት ናት። ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። የወደቀውን ዘንግ አንስታ ባሏ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«አንዱን ወስደኸዋል። ይሄኛውን አትነካውም።»

አላመናትም። እትዬ ኳኳታን አሽቀንጥሮ ወደ ልጁ አንድ እርምጃ ሲራመድ ዘንጉን ትከሻው ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሁላችንም ሰማን። ቁጭ አለ። ጩኸቱን የሰሙት ባለጋሪውና ሌሎች ወንዶች ደርሰው እየጎተቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት።

ሐኪም ቤት የእትዬ ኳኳታ ቅንድብ ተሰፋ። ልጅቷን ያየችው ሐኪም የጆሮዋ ታምቡር እንደተቀደደ ነገረችን፤ ውኃ ካልገባበት፣ መድኃኒቱ ካልተቋረጠ፣ ዳግመኛም ካልተመታች ሊገጥም ይችላል አለች። ቃል ግን አልገባችም። እናትና ልጅ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ የገቡት መጨረሻዋ ክፍል ውስጥ ነው፤ እስካሁንም እዚያው ናቸው። እናትየው አሁን የሰው ልብስ ታጥባለች፣ ከበያጁ ቤት ያመጣችው ነገር ቢኖር የልብስ ማጠቢያ ገንዳዋ ነው።

ክፍሏ እንደገና ትጮሃለች። የብርጭቆ ጠርሙስ ቀርቶ በፕላስቲክ ተተክቷል፤ ድምፁ ደነዝ ነው ብለው ልጆቹ ያማርራሉ። የበያጁ ልጅ የማንኪያውን ክር ለመጀመሪያ ጊዜ በጥርሷ ይዛ አልጋው ላይ ያጋጨችው ዕለት ዓይኗ ፈጠጠ። «እትዬ፣ ግራዬ ውስጥ ገባ» አለች። ከዚያ ወዲህ ክሩን ከአፏ የሚያስጥላት የለም።

እሷና እትዬ ኳኳታ ሲሠሩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሁለቱም በግራቸው ስለማይሰሙ፣ የአንዷን ግራ የሌላዋ ቀኝ ይጠብቅላታል። በሩ በእትዬ ግራ ነው፤ ስለዚህ በር ጠባቂዋ ልጅቷ ናት።

ባለፈው ሰሞን የአባቷን ኮቴ ቀድማ የሰማችው እሷ ነች። የተፈረደበትን እስር ጨርሶ መውጣቱን ሰምተን ነበር። ጉልበቷ ላይ የነበረውን ቆርቆሮ ደጋግማ ስትመታው የግቢው በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። እናቷ የልብስ መምቻ እንጨቷን እንደያዘች መጣች፤ እኔም ወጣሁ። በያጁ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ አንድ ትከሻው ዘንበል ብሏል። ማናችንንም ሳያይ ልጁን በስሟ ጠራት፣ በቀስታ።

«ሰማሁህ» አለችው።

ከመቀመጫዋ ግን አልተነሳችም። አባቷ ዞሮ ሄደ። እሷም ክሩን መልሳ በጥርሷ ያዘች።