ወደ ውስጥ የሚዞረው እግሬ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንሮጥ በሰልፍ ነው፤ የኋለኛዋ የፊተኛዋን እግር እያየች ትረግጣለች። ስለዚህ ሕመሜን ቀድማ ያወቀችው ከኋላዬ የምትሮጠው ጓደኛዬ ጫልቱ ናት። አንድ ጠዋት እርምጃዬን ስትከተል ተደናቅፋ ወደቀች። አቧራዋን እያራገፈች፣ «አንቺ፣ ግራ እግርሽ ምን ሆኗል? ወደ ውስጥ ይዞራል እኮ» አለችኝ። ጫማው ነው ብዬ ሳቅሁ።

ጫማ ቀየርኩ፤ አልተሻለኝም። እኛ ሯጮች እግር ሲያስቸግረን ልምምድ እንጨምርበታለን፣ እኔም ጨመርኩ። ማንም እንዳያየኝ ከሰልፉ መጨረሻ መሮጥ ጀመርኩ። ጣቶቼ ይታጠፋሉ። ቁርጭምጭሚቴ ይጠመዘዛል። ግን ምንም አያመኝም። የሚያም ቢሆን ኖሮ ታሽቼ እድናለሁ ብዬ እጽናና ነበር። ከሩጫ ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለ ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

በመጨረሻ ጫልቱ ጎትታ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የቁርጭምጭሚቴ ኤምአርአይ ንጹሕ ነው ተባለ። የአጥንት ሐኪሙ ወደ አንጎልና ነርቭ ሐኪም ላከኝ። ዕጢ ነው ብዬ ደመደምኩ። በሚኒባስ ተመለስን። ለእናቴ ስነግራት፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ» አለችኝ፤ የራሷ ከንፈር ግን ደርቆ ነበር።

የአንጎል ሐኪሟ የሰው እንቅስቃሴ ወደሚጠናበት ላቦራቶሪ ወሰደችኝ። ግድግዳው ዙሪያውን ካሜራ ነው። ባቴ ላይ የጡንቻ ሥራ የሚለካ ኤሌክትሮድ ለጥፈው ትሬድሚል ላይ አሮጡኝ። እግሬ ዞረ። ዶክተሯ አስቁማኝ፣ «አሁን ወደ ኋላ ተራመጂ» አለችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ።

ተራመድኩ። እግሬ ቀጥ አለ። ደነገጥኩ። የራሴ እግር አልመስል አለኝ።

«እግርሽ ጤነኛ ነው» አለች። «አንጎልሽ ለሩጫ የሚልከው ትእዛዝ ነው የተዛባው። ዲስቶኒያ ይባላል። ዕጢ የለብሽም።»

እንደገና እሮጣለሁ ወይ አልኳት።

«አላውቅም» አለች።

ባቴን የቦቱሊነም መርፌ ከተወጋሁ በኋላ ጡንቻው ቀስ በቀስ ላላ፤ እናቴም በየማታው ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ድረስ እጆቼን ይዛ፣ እሷ ወደ ፊት እኔ ወደ ኋላ እየሄድን፣ ጎረቤት ሲስቅብን አብረን እየሳቅን፣ እግሬን እንደ አዲስ አስተማርነው። ዛሬ ደህና እራመዳለሁ፣ ትንሽም ሶምሶማ እሮጣለሁ። ውድድሩ ግን ቀርቷል፤ ይህን ስጽፍም ያስለቅሰኛል።

እንደኔ እግራችሁ አልታዘዝ ካላችሁ ልምምድ አትጨምሩበት። በስልክ አስቀርጹትና ቪዲዮውን ለነርቭ ሐኪም አሳዩ። ጫልቱንና እናቴን አመሰግናለሁ። ዶክተሯን ያን ቀን ጠልቻት ነበር። ሌላው ሁሉ «ትድኛለሽ» ሲለኝ «አላውቅም» ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ በየቀጠሮዬ ግን ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አረማመዴን እያየች የምትጠብቀኝም እሷው ናት። አሁንም ወደ እሷ ስሄድ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ።