የኤቤ አፍንጫና ሺኛው ዝላይ

ኤቤ ላውሪድሰን ከአውሮፕላን በዣንጥላ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ዘሏል። ግማሽ ያህሉን ወደ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሜ ጉንሂልድ ይባላል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የከብት ሐኪም፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የዝላይ ክለባችን አብራሪ ነኝ። ፊዮርድ ከምንለው ጠባብ የባሕር ሰርጥ ዳር ካለችው የሣር ሜዳ ተነስቼ አምስት ሰው አወጣለሁ፤ እነሱ ይዘላሉ፣ እኔ ባዶ አውሮፕላን ይዤ እመለሳለሁ። ኤቤ በዚህ ሲያሾፍብኝ፣ "እንዳንቺ ያለ ሾፌር አይቼ አላውቅም፤ ተሳፋሪው ሁሉ መንገድ ላይ ነው የሚወርድብሽ" ይለኛል።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሥራው ጢስ ቤት ውስጥ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በእንጨት ጢስ ማብሰል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጢስ ሲምግ የኖረ አፍንጫ ምን ሊሆን ይችላል? የሳይነስ ሕመሙ ክረምት ከበጋ አይለቀውም። ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ የጨው ውኃ ባንዱ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው ያፈሰዋል። ማታ ፎጣ ተከናንቦ እንፋሎት ይታጠናል። ኪሱ ውስጥ አፍንጫ የሚከፍት የሚረጭ መድኃኒት አይጠፋም። ሐኪሙ ወይ ጢሱን ተው ወይ ሰማዩን ብሎታል፤ ሁለቱንም አልተወም። "አንቺ እኮ ሐኪም ነሽ፣ እስቲ እዪልኝ" ብሎ ፊቱን ሲያቀናልኝ "ቀንድ ስታወጣ ና" እለው ነበር። አሁን ሳስበው ያ ቀልዴ ራሱ ያናድደኛል።

አውሮፕላኑ የሚያድርበት ሃንጋራችን ግድግዳ ላይ አንድ የእንጨት ሰሌዳ አለ። ሺህ ጊዜ የዘለሉ ሰዎች ስም በነጭ ቀለም ይጻፍበታል፤ አሥራ አንድ ስም አለው። ኤቤ አሥራ ሁለተኛው ለመሆን አሥራ ሰባት ዓመት ደክሟል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሚስቱ ጥላው ስትሄድ "አንተ የጀመርከውን ጨርሰህ አታውቅም" ብላዋለች። ግቢው ውስጥ ግማሹ የተሠራ ጀልባ ቆሟል፤ ሣሎኑም ግማሹ ብቻ ነው ቀለም የተቀባው። ስለዚህ ሴትዮዋ ዋሽታለች ማለት አይቻልም። ኤቤ ግን በዚያው ዓመት ወደኛ መጣና "ሺህ እዘላለሁ" አለ። በሕይወቱ አንድ ነገር መጨረስ ፈለገ። ሌላ የፈለገውን ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ዘላዮች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ምክር አለ፦ ስትወጣ ካላመመህ ስትወርድም አያምህም ይላሉ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምለው አላጣም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግንባር ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ እየገፋ ይወጣል። ሲወርድ ግን አየሩ ተመልሶ መግባት አለበት፤ ያበጠ አፍንጫ ደግሞ ያስወጣል እንጂ አያስገባም። ያኔ ግንባር ከውስጥ ይመጠጣል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ የዝላይ ኃላፊያችን ሶልቫይም ታውቃለች። ኤቤም ጠፍቶት አይደለም፤ ምክሩ ስለተመቸው ነው ያመነው።

ሺኛው ዝላይ ለነሐሴ ሦስተኛው ቅዳሜ ተቀጠረ። በኛ ክለብ ልማድ ባለ ሺው ከአራት ጓደኞቹ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ሠርቶ ይወርዳል፤ መሬት ሲደርስ ደግሞ ክሬም ኬክ ፊቱ ላይ ይለጠፍበታል። ኬኩ ከጠዋት ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ስሙ ሰሌዳው ላይ በእርሳስ ተነድፎ ቀለሙን ብቻ ይጠብቃል። እኔ ነዳጅ እሞላለሁ። ከአራቱ አንዷ የሆነችው ሶልቫይ እንደ ደንቡ ዘላዮቹን አንድ በአንድ እያየች ጤንነታቸውን ትጠይቃለች።

"ኤቤ፣ ደህና ነህ?"

አውራ ጣቱን አሳያት።

"በአፍህ ንገረኝ።"

"ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!"

"ድምፅህ ከጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የሚመጣው?"

"ሺኛዬ ነው፣ ሶልቫይ። ትንሽ ብደናገጥ ይፈረድብኛል?"

ሳቀችና አለፈችው። ጠዋቱን ሙሉ ወሬ አልነበረውም፤ ኤቤ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ነዳጅ በርሜሉ ጀርባ ዞር ብሎ መድኃኒቱን አፍንጫው ውስጥ ሲረጭ አየሁት። ሁለቴ ረጨ፤ ቆየት ብሎ ሦስተኛ ደገመ። አየሁና ዝም አልኩ። ኬኩን፣ ሰሌዳውን፣ አሥራ ሰባቱን ዓመት አሰብኩ፤ አፌን ከፍቼ ቀኑን የማበላሸው እኔ እንዳልሆን ፈለግኩ።

ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል። ኤቤ ማስቲካ እያኘከ፣ ምራቁን እየዋጠ ወጣ። ሦስት ሺውን ስናልፍ "ይኸው! ምንም የለም!" ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም አጨበጨቡለት። በዚያች ደቂቃ የበረራ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ጠራኝ። መንገደኛ አውሮፕላን በላያችን ስለሚያልፍ አምስት መቶ ሜትር ዝቅ በይ አለኝ። ዝቅ አልኩ። አምስት መቶ ሜትር ለኛ ምንም አይደለችም።

ኤቤ ማስቲካውን ተፋ። ሁለት እጁን ግንባሩ ላይ ጫነና ጎንበስ አለ።

"ምን ሆንክ?" አለች ሶልቫይ።

"ሚስማር... እዚህ ጋ ሚስማር..."

"አትዘልም።"

"እዘላለሁ!"

"ዓይንህን መግለጥ አቅቶህ? ዣንጥላውን በምን አይተህ ልትከፍተው ነው? አትዘልም፣ ኤቤ። በቃ።"

በሩ ተከፍቷል፣ ሜዳው ከታች ነው። ሶልቫይ አብራው ልትቀር ፈለገች፤ እኔ ግን "ዝለሉ፣ አውሮፕላኑ ሲቀልል ነዳጅ ይቆጥብልኛል" አልኳት። ኤቤ ቀና ሳይል እጁን አወናጨፈ። "ሂዱ። ኬኩን ብሉት" አለ። አራቱም ክብ ሳይሠሩ ተራ በተራ ወጡ።

እኔና እሱ ቀረን። ሌላ ጊዜ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ደፍቼ በስድስት ደቂቃ ነው መሬት የምነካው፤ የክለብ አብራሪ ሥራ እንደዚያ ነው፣ ነዳጅ ውድ ነው። የዚያን ቀን ሃምሳ ሜትር ወረድኩ፣ አቃሰተ፤ ሠላሳ ሜትር መልሼ ወጣሁ፣ ተነፈሰ። እንደገና ሃምሳ ወረድኩ። አፍንጫውን ይዞ ነፋ፣ ዋጠ፣ አዛጋ። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ረጨው። የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ፤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ምንም አልከፈተም። ላም ስታምጥ ቢያንስ ገመድ አስሬ ጥጃውን እጎትታለሁ፣ የምይዘው ነገር አለኝ። እዚህ ግን ከሰውየው አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጬ እጄ መሪውን ከመያዝ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ላይ መቅረት አይቻልም፤ መውረዱ ደግሞ ነው የሚገድለው።

"የት ናችሁ?" አለች ሶልቫይ ከመሬት በሬዲዮ። "ጉንሂልድ፣ የት ደረሳችሁ?"

"እየወረድን ነው።"

"ሠላሳ ደቂቃ ሆነ እኮ!"

"አውቃለሁ! አውቃለሁ፣ ሶልቫይ፣ ተይኝ!"

ስምንት መቶ ሜትር ላይ የነዳጁ ቀስት ቀዩን ነካ። ደጋግሜ አየሁት፤ እያየሁት አይጨምርም።

"ኤቤ፣ ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ውረጂ" አለኝ፤ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘ።

ወረድኩ። ጮኸ። ሰው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከአፍንጫው ደም ወርዶ ለዚያ ቀን ብሎ ያጠበው ሰማያዊ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማረፍ ዓይኔ ስለሚያስፈልገኝ ግን በነፃው እጅጌዬ ጠረግኩት። ስናርፍ ሶልቫይ ሮጣ መጥታ በሩን ከፈተችና ክንዱን ያዘች። ኬኩን ያነሳ ሰው አልነበረም።

በኅዳር አፍንጫው በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። ጢሱንም ተወ፤ አሁን እዚያው ጢስ ቤት ደጅ ላይ ዓሣ እየመዘነ ይሸጣል። ሐኪሙ በሚያዝያ መርምሮት "መንገዱ ተከፍቷል። አየር ላይ ምን እንደሚሆን ግን ካልሞከርከው እኔም አላውቅም" አለው። ኤቤ ይህን ይዞ ወደ ሶልቫይ መጣ። እሷም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣች በኋላ ፈቀደች። ከአንድ ሺህ ሜትር፣ እንደወጣ ዣንጥላውን ይከፍትና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከአንድ ሺህም ይሁን ከአራት ሺህ፣ ዝላይ ዝላይ ነው፤ ሰሌዳው ከፍታ አይጠይቅም።

ክብም፣ ኬክም፣ ተመልካችም አልፈልግም አለ። ግንቦት ውስጥ በአንድ ጥርት ያለ ጠዋት ሁለታችን ብቻ ተነሳን። ንፋስ የለም። ሶልቫይ ሜዳው ላይ ብቻዋን ቆማለች። ሺህ ሜትር ደርሼ ፍጥነቴን ቀነስኩለት፤ በሩን ከፍቶ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ተቀመጠ።

"እንደተመቸህ" አልኩት።

አልዘለለም። ሜዳውን አለፍነው። ዞሬ መልሼ አመጣሁት፤ አሁንም አልዘለለም። እጁ የበሩን ጠርዝ ይዞ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል።

"ጉንሂልድ" አለ ዞር ብሎ፣ "ምን ይመስልሻል? ልዝለል?"

ምን ልበለው? ግንባሩ ውስጥ ያለውን እኔ አላይ። ዝለል ብለው ያ ጩኸት ብቻውን አየር ላይ ይመጣበት ይሆናል፤ ተው ብለው አሥራ ሰባት ዓመቱን በአፌ ገደልኩት። "አላውቅም፣ ኤቤ" አልኩት። እውነቱ ያ ነበር፤ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሜዳው ላይ ደረስን። እግሩን ወደ ውስጥ መለሰና በሩን ራሱ ዘጋው።

ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ የሚመጣውን ጠበቀ። እኔም እንደዚያን ቀን ሃምሳ ሜትር ወርጄ ከፍታውን ይዤ ጠበቅኩ። አላቃሰተም። ሌላ ሃምሳ ወረድኩ። ሰባት መቶ፣ ስድስት መቶ፣ አምስት መቶ።

"ያምሃል?"

"ቆይ።"

አራት መቶ ላይ እጁን ከግንባሩ አወረደ። አንዴ ዋጠ፣ አንዴ ተነፈሰ። አየሩ ባንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ሲወጣ እኔ ራሴ ሰማሁት።

"አያምም" አለ። "ጉንሂልድ፣ ምንም አያምም።"

ሞተሩን ኃይል ጨመርኩለት። ነዳጄ ሙሉ ነበር፤ ጠዋቱም ገና ነው። "ወደ ላይ እንመለሳ! አሥር ደቂቃ ነው፣ አሁኑኑ ላውጣህ" አልኩት። ድምፄ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

የተዘጋውን በር ሲያየው ቆየ።

"አይ። በሩን የዘጋሁት አሞኝ አይደለም፣ ፈርቼ ነው" አለ። "አሳርፊኝ።"

አሳረፍኩት።